ውኃ መቺው

የተሰማ ባጃጅ የኦሚኒንጋን ሰፈር ኮረኮንች እያንገጫገጨች ወደ ባሮ ወንዝ ስትሮጥ፣ የተሳፋሪው ረጅም ዘንግ በግራም በቀኝም ወጥቶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ጎንበስ አሉ። አንድ ሞተረኛ እየተሳደበ ወደ ቦዩ ወረደ። ግንባሯ ላይ ረጅም አንቴና የተከለች ነጭ የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ጥጓን ይዛ ቆመች፤ በጋምቤላ ከተማ የእርዳታ መኪና ለባጃጅ መንገድ ስትለቅ የታየው ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«አባባ ኦቻን፣» አለ ተሰማ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዞ፣ «እንደው ይሄን አጥር ወደ ቁመቱ አዙረው ቢይዙልኝስ? ትራፊክ ካየኝ ታርጋዬን ነው የሚፈታው።»

«ወደ ላይ ከሆነ ጣሪያ ይቀደዳል፣» አሉ አባባ ኦቻን። «አንተ ንዳ።»

ለሁሉም ሰው አንተ ነው የሚሉት። አማርኛውን የተማሩት በልጅነታቸው ከወታደሮች ነው፤ አንቱ የሚባለው ጋ ሳይደርሱ ትምህርቱ ተቋረጠ። ስለዚህ ለወረዳ ሹምም ለፍየልም ያላቸው አንድ አንተ ነው።

ከጎናቸው ልጃቸው አጅዋንግ ነጩን የጥምቀት ቀሚስ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛለች። አጅዋንግ አዋላጅ ነርስ ናት። ዓይኗ ከአባቷ እግር አልተነሣም፤ እግራቸው አብጦ ከሰንደሉ ማሰሪያ ውጭ ፈስሷል። ያ የደከመ የአባቷ ልብ የሚቀጥለውን ክረምት እንደማይሻገር የነገራት ሐኪም የለም፤ መንገር አያስፈልግም ነበር። ቢሆንም ዛሬ ከስንት ሳምንት በኋላ ትከሻዋ ቀለል ብሏታል። በቋንቋቸው፣ በአኙዋክኛ «እሁድ ጥምቀት አለ፣ ትመጣለህ?» ስትላቸው «እመጣለሁ» ብለዋታል። ምን ልታደርግ ነው የምትመጣው ብላ አልጠየቀችም። መልሱን ፈርታ ነው።

ነገሩ የፈነዳው በማኅበረ ምዕመናኑ የኢዮቤልዩ በዓል ነበር። ቲሸርት ታትሟል፤ ኬክ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ በጋምቤላ ሙቀት ወደ ሾርባነት ተለውጧል። አዲሱ መጋቢ ዘርአብሩክ፣ በሥነ መለኮት ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ የመጣ ጎልማሳ፣ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ አዛውንቶቹ አንድ በአንድ እየወጡ የተጠመቁበትን ዘመንና ወንዝ በማይክ ይናገሩ። አንዱ ባሮ አለ፣ ሌላዋ አኮቦ አለች፣ እልልታው ቀለጠ። ተራው አባባ ኦቻን ጋ ሲደርስ ማይኩን ተቀብለው «እኔ አልተጠመቅኩም» አሉና ለሚቀጥለው አቀበሉ።

ሰው ሳቀ፤ አማርኛቸው ነው ብሎ። እሳቸው ማይኩን መልሰው ተቀብለው በአኙዋክኛ ደገሙት። ያኔ የሳቀ የለም።

ማን ይገምታል? በዚያች ቤተክርስቲያን ጥምቀት በተደረገ ቁጥር ቀድመው ወንዝ የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ከተጠማቂዎቹ አለፍ ብለው፣ ወገባቸው ድረስ ገብተው፣ ጫፉ ብረት በለበሰው ዘንግ ውኃውን እየመቱና እየጮሁ አዞ ያባርራሉ። ከከተማው ክርስቲያን ግማሹ ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ የሰማው የመጨረሻ ድምፅ የዚያ ዘንግ ጥፊ ነው። ይህን ሰው ተጠምቀሃል ወይ ማለት ዓሣን ገላህን ታጥበሃል ወይ እንደማለት ሆኖ ነው፣ ጠያቂ ያልተገኘው።

የሽማግሌዎች ጉባኤ ተሰበሰበ። ከሽምግልናው ይውረዱ ተባለ። ከጌታ እራት ይከልከሉ ተባለ። ሦስተኛውን ውሳኔ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተናገሩት፤ በቤተክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ያለው መቃብር የተጠመቁ ሰዎች ብቻ ነው። እዚያ የአጅዋንግ እናት ተኝታለች፤ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ አባባ ኦቻን እየሄዱ የሚያርሙት ራሳቸው ናቸው። ካልተጠመቁ እዚያ አይገቡም።

አጅዋንግ ግን ከመቃብሩ ይልቅ ከመቃብሩ ወዲያ ያለው ነበር የሚያስፈራት። «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» የሚለውን ጥቅስ በሰንበት ትምህርት ቤት በቃሏ ስትወጣ ከረሜላ የሸለሟት አባቷ ናቸው።

«እኛ ጋ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም፣» አለ ተሰማ ኮረብታውን ሲዞር። ኦርቶዶክስ ነው፤ መስቀሉ ከባጃጇ መስታወት ላይ ይወዛወዛል። «ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን። ሳናውቀው እንገላገላለን። አባባ፣ በእኔ ይሁንብዎ፣ ዛሬ ገብተው ይውጡ። ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ አይገባም፤ ጌታ በራሱ አፍ ነው የተናገረው።»

«የቀኙ ወንበዴስ?»

«እሱማ... አባቶች ሲያስተምሩ፣ ከጌታ ጎን የፈሰሰው ውኃ ነው ያጠመቀው።»

«ስለዚህ ወንበዴ ወንዝ አልወረደም።»

«እንዴት ይወርዳል፣ ተሰቅሎ?»

«ውኃው ወደ እሱ መጣ።»

«እ... እንደሱ ነው።»

«ጥሩ። ንዳ።»

ተሰማ ማርሽ ቀየረ። ከዚያ በመስታወቱ አጅዋንግን ተመለከተ። «ሲስተር፣ አሁን ረታሁ ነው የሚባለው ወይስ ተረታሁ?»

«አባ፣» አለች አጅዋንግ በአኙዋክኛ፣ «ዛሬ ክርክር የለም ተባብለናል።»

«ከባጃጅ ጋር የተደረገ ክርክር አይባልም፣» አሏት። በአኙዋክኛ ሲሆኑ አንደበታቸው ሌላ ነው፤ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል፣ ይናደፋል።

ከድልድዩ በታች ሕዝቡ ቆሟል። ባሮ ገና ከክረምት ስለወጣ ሆዱ ሞልቶ ቡናማ ሆኗል። ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ የወጣቶች መሪው ቶሚ ጥቁር መነጽሩን እንደሰካ የድምፅ መሣሪያውን ይነካካል። ነጭ የለበሱት ተጠማቂዎች ተሰልፈዋል፤ ከፊት የቆመችው ከትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ የመጣች ኛዴንግ የምትባል ቁመተ ረጅም ኑዌር ናት። ዲያቆን ሬቤካ የቀሚሷን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ትይዝላታለች።

መጋቢ ዘርአብሩክ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ይጠብቃል። ደገኛ ስለሆነ ዋና አያውቅም፤ ስለዚህ ከልብሰ ተክህኖው ሥር ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የተዋሰውን የሚያንሳፍፍ የዋና ጃኬት ታጥቋል። ሰው እንዳያይበት ነበር። ያላየበት ሰው ግን አልነበረም፤ መጋቢው ከአንገቱ በታች እንደ እርጉዝ ጉማሬ ሆኗል።

አባባ ኦቻን ከባጃጇ ሲወርዱ ሬቤካ እልልታውን አቀለጠችው። አጅዋንግ ቀሚሱን ዘረጋች። አባቷ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ጥሩ ተኩሰሽዋል» አሉና ዘንጉን በትከሻቸው አድርገው አልፈዋት፣ ሁልጊዜ ወደሚቆሙበት ቦታ አቀኑ።

አጅዋንግ ቀሚሱን እንደዘረጋች ቀረች።

«አባባ!» አለ መጋቢው። «ዘንጉን ዛሬ ለሌላ ይስጡ እንጂ። ዛሬ እኮ ባለ ሰርጉ እርስዎ ነዎት።»

«ባለ ሰርግ አይደለሁም። ጠባቂ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሬቤካ ዞራ አየችውና ሳቁን ዋጠ። መጋቢው ፊቱ ጠቆረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ለሦስት ሳምንት በየማታው እቤታቸው እየሄደ ለምኗቸዋል፤ ያመነበትንም ነበር የሚናገረው።

«እንግዲያው፣» አለ፣ «ያልተጠመቀ ሰው በጥምቀት ላይ ለአገልግሎት አይቆምም። ይህ የጉባኤው ውሳኔ ነው። ቶሚ፣ ዘንጉን ተቀበል።»

አባባ ኦቻን አልተጣሉም። ዘንጉን አቀበሉና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው። ቶሚ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ውኃውን መታው፤ ጠረጴዛ ላይ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። በሁለተኛው ምት መነጽሩ ወልቆ ባሮ በላው።

አጅዋንግ ከአባቷ ፊት ተንበረከከች። «አባ፣ በእናቴ ሞት። አንዴ ዝቅ ብለህ መውጣት ነው። ለእኔ ስትል።»

«የማዋለጃ ክፍላችሁ ውስጥ፣» አሏት በአኙዋክኛ፣ «ሳያለቅስ የሚወለድ የለም?»

«አለ።»

«እናቱ ሳይጠመቅ ነው የሄደው ብላ ስትጠይቅሽ ምን ትያታለሽ?»

«እግዚአብሔር ጋ ነው እላታለሁ።»

«ትዋሻታለሽ?»

አጅዋንግ የተዘረጋውን ቀሚስ አጣጠፈች። በየጊዜው የምትለው ቃል ነበር፤ እንደ ማደንዘዣ መርፌ። ታምንበት እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

«ኛዴንግ!» ብሎ ተጣራ መጋቢው፤ አሁን ደረቱ ድረስ ገብቷል። «ነይ እህቴ፣ በስሙ!»

ኛዴንግ እስከ ውኃው ጠርዝ መጥታ ቆመች። ቶሚን አየችው። ድንጋይ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየቻቸው።

«መጋቢ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«ከጥምቀት በኋላ አይሻልም?»

«አይ፣ ስለ በፊቱ ነው ጥያቄው። ከዚህ እስከ አንተ ድረስ ስመጣ አዞ ቢወስደኝ፣ ድኛለሁ ወይስ ጠፍቻለሁ?»

መጋቢው ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እሷ በመጣችበት መንገድ ወንዝ መሻገር ጀምረው ያልጨረሱ ሰዎች ብዙ ነበሩ። መጋቢውም ይህን ፊቷ ላይ አነበበው መሰለኝ፣ ድምፁ ለሰለሰ።

«አትጠፊም እህቴ። አምነሽ ነው የተነሣሽው። ጌታ ልብሽን ያያል። አትጠፊም።»

አባባ ኦቻን ከድንጋዩ ተነሡ።

«ማይክ፣» አሏት ሬቤካን። ከዚያ ለአጅዋንግ «ተርጉሚ» አሉ። በዚያች ቤተክርስቲያን ስብከት ያለ አስተርጓሚ ተካሂዶ ስለማያውቅ ማንም አልተገረመ፤ አጅዋንግም ከልጅነቷ ጀምሮ ትተረጉማለች። እሳቸው አንዷን ዓረፍተ ነገር በአኙዋክኛ፣ እሷ ተከትላ በአማርኛ።

«ዘመኑ የደርግ ነበር፣» አለች አጅዋንግ። «ቤተክርስቲያናችንን ወስደው የማሽላ መጋዘን አደረጓት። ስለዚህ ከፑኝዶ ወዲያ፣ ጊሎ ወንዝ ዳር፣ ጎሕ ሲቀድ ተደብቀን ነበር የምንጠመቀው።»

አባቷ ቀጠሉ፤ እሷም ተከተለች።

«መዝሙር የለም። ጭብጨባ የለም። ካድሬው እንዳይሰማ ውኃውን የሚመታ ሰውም አልነበረም።»

«ያን ቀን ተጠማቂዎቹ ሁለት ነበርን። እኔና ልጄ ኦቦያ።»

አጅዋንግ ወደ አባቷ ዞረች። ወንድሟን ኦቦያን አታውቀውም፤ እሷ ሳትወለድ ነው የሞተው። ዓሣ ሲያጠምድ ጊሎ ወሰደው ተብላ ነው ያደገችው።

«ኦቦያ እኔ ልቅደም አለ። ቅደም አልኩት። መጋቢው እጁን ዘርግቶለታል። ልጄም እጁን ዘርግቷል። ጣታቸው ሊነካካ...»

ቆመች። ጄኔሬተሩን ያጠፋው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ማይኩም አብሮ ሞተ፤ ግን የማይሰማ ሰው አልነበረም።

«ልቀጥል?» አሏት አባቷ ቀስ ብለው።

«ቀጥል።»

«አልጮህኩም፣» አለች አጅዋንግ በአባቷ ፈንታ። «ልጄን አዞ ሲወስደው አልጮህኩም። ብጮህ ኖሮ ወታደሮቹ መጥተው የቀሩትን ይወስዷቸው ነበር። አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠመቅ ውኃ እመታለሁ፤ የዚያን ቀኑን እጮኸዋለሁ።»

ሬቤካ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«መጋቢ፣ አሁን ለኛዴንግ የሰጠሃትን መልስ ሰማሁ። ጥሩ መልስ ነው። ለልጄም ስጠው። እዚህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

መጋቢ ዘርአብሩክ ውኃ ውስጥ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አላወቅኩም ነበር። ግን እኮ እርስዎና ልጅዎ አንድ አይደላችሁም። የቀኙ ወንበዴ ተቸንክሮ ነበር፤ መውረድ አልቻለም። ልጅዎ ተወሰደ፤ መድረስ አልቻለም። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ወገብዎ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው እምቢ አሉ። ይህን ምን እንበለው?»

«እውነቱን ነው» የሚል ጉምጉምታ ተሰማ። አጅዋንግም በልቧ እውነቱን ነው አለች።

ይህን አባባ ኦቻን አስተርጓሚ አልፈለጉበትም። «ለጌታ እምቢ አላልኩም፣» አሉ በዚያችው በወታደር አማርኛቸው። «ለእናንተ አጥር ነው እምቢ።»

ከዚያ ወደ አኙዋክኛቸው ተመለሱ፤ አጅዋንግም ተከተለቻቸው።

«ውኃውንስ እወደዋለሁ። ከእኔ በላይ የቆመበት የለም። ነገር ግን ውኃውን በር አድርጋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ከከተታችሁ፣ ልጄ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ልጄ ውጭ ከሆነ እኔም ውጭ ነኝ። ነጭ ቀሚስ ለብሼ ልጄን ተራምጄ አልገባም። ያመነ የተጠመቀም ይድናል ትሉኛላችሁ። የቀረውንም አንብቡት። ያላመነ ይፈረድበታል ነው የሚለው፤ ያልተጠመቀ አይልም።»

«የልጅዎን ጉዳይ፣» አለ መጋቢው፣ «እኔ ብቻዬን ከወንዝ መሐል ሆኜ የምወስነው አይደለም። ለጉባኤው ቀርቦ፣ ታይቶ...»

«ለኛዴንግ ጉባኤ ጠራህ እንዴ?» አለች ሬቤካ።

መጋቢው ውኃውን ተመለከተ። አባባ ኦቻን ማይኩን ወደ ልጃቸው አፍ እንዳስጠጉ ይጠብቃሉ፤ መልስ ግን አይመጣም። አጅዋንግ የአባቷን እጅ አየችው። ይህ እጅ አንድ ጠዋት የገዛ አፉን አፍኖ ይዟል። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ነው የጠበቀው፤ እሷ ለማታውቃቸው እናቶች በየቀኑ የምትሰጠውን ቃል።

«ኦቦያ ድኗል፣» አለች።

አባቷ ዞረው አዩዋት። «ይህን አላልኩም።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት።» ማይኩ እንደሞተ አውቃለች፤ ስለዚህ ጮኸች። «ወንድሜ ኦቦያ ድኗል! አባቴም ሲሞት ከእናቴ ጎን ይቀበራል። ጉድጓዱን የምቆፍረው እኔ ነኝ። አይሆንም የሚል ካለ አካፋ ይዞ ይምጣ፤ ያግዘኛል!»

«እልል በሉ እንጂ!» አለ ከባጃጇ አጠገብ የቆመው ተሰማ፤ ጉዳዩ የማን ቤተክርስቲያን እንደሆነ ለጊዜው ረስቶት።

ሰው እልል ልበል አልበል ሲያመነታ ቶሚ ጮኸ። ከሸንበቆው ወጥቶ ግንድ የመሰለ ነገር ወደ ታች እየተንሳፈፈ ነበር፤ ግንድ ግን ዓይን የለውም። ቶሚ ዘንጉን ወርውሮ በሁለት እርምጃ ዳር ደረሰ። መጋቢው ሊከተለው ዞረ፤ ጃኬቱ ግን ብድግ አደረገውና እግሩ ከመሬት ተላቀቀ። እንደ ቡሽ እየተንሳፈፈ ቀዘፈ፤ ወደየትም አልሄደም።

«አባባ!» አለ። «አባባ ኦቻን!»

ጉባኤውን አልጠቀሰም።

አባባ ኦቻን ገብተዋል። ዘንጉን ከውኃው ላይ ለቀም አድርገው አነሡት፤ ያ ያበጠ እግር እንዴት እንደተራመደ አጅዋንግ እስከ ዛሬ ይገርማታል። መቱት። ባሮ በጥፊ እንደተመታ ጉንጭ ጮኸ። እሳቸውም ጮኹ፤ የጊሎን ወንዝ፣ የካድሬውን፣ የዚያን ጠዋት ጩኸት። ግንድ የመሰለው ነገር ዓይኑን ጨፍኖ ሰጠመ፤ ቆየት ብሎ ከማዶ፣ ከድልድዩ እግር አጠገብ ታየ፤ ወደ ታች ሄደ።

መጋቢ ዘርአብሩክ እግሩ መሬት ሲነካ ፊቱ አመድ ሆኖ ነበር። ጃኬቱን ከልብሱ ሥር ፈትቶ አወጣና ወደ ዳር ወረወረው። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

«ኛዴንግ፣» አለ። «ትመጫለሽ?»

ኛዴንግ አባባ ኦቻንን አየች። ራሳቸውን ነቀነቁላት። ገባች።

አንድ በአንድ ገቡ፣ ጠለቁ፣ ወጡ። ያልተጠመቀው ሽማግሌ ከጎናቸው ውኃውን ይመታል። ይውጡ ያላቸው የለም። አጅዋንግ ነጩን ቀሚስ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ከነጫማዋ ገባችና ከአባቷ አጠገብ ቆመች፤ ክንዳቸው ሲደክም ዘንጉን በሌላው ጫፍ ትይዝላቸዋለች። ሁለት ሰው ሲመታው ድምፁ ይወፍራል።

በሁለት ተጠማቂዎች መሐል መጋቢው ጠጋ አላቸው። ሰው እንዳይሰማ ነበር የተናገረው።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ጥርሱን ቀይሮ ጨርሶ ነበር።»

«ዋና ይችል ነበር?»

«ካንተ ይሻላል።»

መጋቢው ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ዓይኑን በእርጥብ እጁ ጠረገ፤ ያ ደግሞ አላደረቀውም። «በሚመጣው እሁድ ስሙን ከዳኑት ጋር ከመድረክ እጠራለሁ፣» አለ። «ጉባኤው የወደደውን ይበል።»

አባባ ኦቻን አላመሰገኑትም። «እንሰማለን፣» አሉ።

የመጨረሻው ተጠማቂ ወጣ። ከዳር መዝሙሩ ተነሣ፤ ሬቤካ ፎጣ ታድላለች፤ ቶሚ ጄኔሬተሩን ሊያስነሣ ይታገላል። መጋቢው እጁን ዘረጋላቸው።

«አባባ፣ አለቀ። በሉ ይውጡ፣ ይበርድዎታል።»

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ ታመዋል እኮ።»

አባባ ኦቻን ወደ ልጃቸው ዞሩና በአኙዋክኛ አንድ ነገር አሏት። አጅዋንግ ወገቧ ድረስ በባሮ ውስጥ ቆማ ለመጨረሻ ጊዜ ተረጎመች።

«ሁሉም ሳይወጣ ጠባቂ አይወጣም ይላል አባቴ።»

ዘንጉን አንድ ላይ አነሡና ውኃውን መቱት።